እንስራው አዲስ አበባ ይሄዳል

[ሐምሌ 1976 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ድሬዳዋ ለገሃር። የአዲስ አበባው ባቡር በአንድ ሰዓት ይነሳል ተብሎ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ፀሐዩ ግን ሰዓቱን አክብሮ ገና ድሮ ሥራ ጀምሯል። ከመሳፈሪያው ጥላ ጫፍ ላይ እርጥብ ጆንያ የለበሰ፣ አንገቱ በመጋዝ የተቆረጠ አንድ እንስራ ተቀምጧል። በአንድ ጎኑ የገጠር ቴክኖሎጂ ምርምር ጣቢያው ብቸኛ ተመራማሪ ኢንጅነር ሣህሉ ቆሟል፤ ሱፍ ኮት ለብሷል፣ ክራባት አስሯል፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ማንም ያላየው ደብዳቤ አለ። በሌላው ጎን የጣቢያው ዘበኛ ሙመድ፤ ሽርጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ ብብቱ ሥር አንድ ደብተር። ሙመድ አለቃውን የሚጠራው «አንተ» ብሎ ነው። ሣህሉ በመጀመሪያው ዓመት ተቆጣ፤ በሁለተኛው አኮረፈ፤ በሦስተኛው ድሬዳዋ ውስጥ ሐኪሙም ዳኛውም «አንተ» እንደሚባል አይቶ ተወው። አሁን ሰባተኛ ዓመታቸው ነው።]

ሣህሉ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ልንገርህ፤ እንስራው በመስኮት በኩል ነው የሚቀመጠው!

ሙመድ፦ አቦ፣ እንስራ በመስኮት ምን ያያል?

ሣህሉ፦ ምንም አያይም። ነፋስ ግን ይፈልጋል።

ሙመድ፦ አንተስ?

ሣህሉ፦ እኔ በመተላለፊያው በኩል እቀመጣለሁ።

ሙመድ፦ ትኬቱ የማን ነው?

ሣህሉ፦ የእኔ ነዋ! እንስራ ትኬት ይቆርጣል እንዴ?

ሙመድ፦ ትኬት የቆረጠው መተላለፊያ ላይ ሲጋፋ ይውላል፤ ያልቆረጠው ነፋስ እየተቀበለ አገር ያያል። እሺ። እኔ ምን ቸገረኝ።

ሣህሉ፦ አልገባህም። ይኼ ዕቃ አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ነው! መኢሶ ላይ ቴርሞሜትር ከትቼ አነባለሁ። አዋሽ ላይ አነባለሁ። ሞጆ ላይ አነባለሁ።

ሙመድ፦ አዲስ አበባስ?

ሣህሉ፦ አዲስ አበባማ ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ፊት አነባለሁ!

[ሙመድ በረጅሙ ተነፈሰና በሶማልኛ ለራሱ አንድ ነገር አጉረመረመ። ሣህሉ ከሶማልኛ የሚያውቀው ቁጥርና ስድብ ብቻ ነው። ይኼኛው ቁጥር አልነበረም። ቢሆንም አልተቀየመም፤ ያልገባው ሰው ያጉረመርማል ብሎ ያምናል። ክራባቱን ላላ አደረገና ማስረዳት ጀመረ። ማስረዳት ነፍሱ ነው።]

ሣህሉ፦ ስማኝ ሙመድ፣ ከሥሩ እንጀምር። እንስራው ውስጥ ምን አለ?

ሙመድ፦ አሸዋ።

ሣህሉ፦ ከየት የመጣ?

ሙመድ፦ ከደቻቱ ወንዝ። በጀርባዬ።

ሣህሉ፦ ከአሸዋው መሐልስ?

ሙመድ፦ ትንሽ ማሰሮ። ማሰሮው ውስጥ ውሃ። ከላይ እርጥብ ጆንያ። ጆንያው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። «ሥራውን የሚሠራው የጆንያው መድረቅ ነው» ብለህ ግድግዳ ላይ ለጥፈሃል። ባላነበውም ይገባኝ ነበር።

ሣህሉ፦ ጎበዝ! ያለ መብራት፣ ያለ ነዳጅ! ከቢዮ አዋሌ ወተት ይዘው የሚመጡ ሴቶች ድሬ ሳይደርሱ አይበላሽባቸውም። ሚስትህን ፋርሒያን ራሷን ጠይቃት።

ሙመድ፦ ምን እጠይቃታለሁ፤ ከመጋቢት ጀምሮ አንዱን ወስዳ እየሠራችበት ነው። ሲሰነጠቅ በጭቃ የጠገንኩላት እኔ ነኝ።

ሣህሉ፦ እና ኮሚቴው ይህን ቢያይ ለአብዮት በዓሉ ኤግዚቢሽን የማይመርጠው ምን ሆኖ ነው?

[ባይመረጥ የሚሆነው ኪሱ ውስጥ ባለው ደብዳቤ ተጽፏል። ምርምር ጣቢያው በነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል፤ ተመራማሪው ሁርሶ ሄዶ ለምልምል ወታደሮች ኤሌክትሪክ ያስተምራል፤ ዘበኛው «ላበረከተው አገልግሎት እየተመሰገነ» ይሰናበታል። ሣህሉ ደብዳቤውን ለሙመድ አላሳየም። የሰባት ልጆች አባት የሆነን ሰው ከአሁኑ ለምን አስጨንቀዋለሁ ብሎ ነው። ለብቻው ግን እየተጨነቀ ሁለት ኪሎ ቀንሷል። መዝኖታል።]

ሙመድ፦ ኢንጅነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።

ሣህሉ፦ ጠይቅ።

ሙመድ፦ ቤት አገኘህ?

ሣህሉ፦ የምን ቤት?

ሙመድ፦ አዲስ አበባ።

ሣህሉ፦ እህቴ ጋ ነው የማርፈው።

ሙመድ፦ ሰፊ ነው?

ሣህሉ፦ ለአራት ቀን ምን ስፋት ያስፈልገኛል?

ሙመድ፦ አራት ቀን።

ሣህሉ፦ አራት ቀን! ቀበሌው የሰጠኝ የይለፍ ወረቀት ላይ እይ፤ «ለአራት ቀን» ነው የሚለው።

ሙመድ፦ ወረቀት የነገሩትን ይጽፋል።

[ሣህሉ ትንሽ አሰበና ነገሩ የተገለጠለት መሰለው። ሰውየው ከአዲስ አበባ የሚፈልገው ነገር አለ፤ ለመናገር አፍሮ ነው።]

ሣህሉ፦ ገባኝ፣ ገባኝ። በል፣ ምን ላምጣልህ? ጃንጥላ?

ሙመድ፦ በማን ነው የምትልከው?

ሣህሉ፦ እንዴት እልካለሁ? ራሴ ይዤው እመጣለሁ!

ሙመድ፦ ኢንሻአላህ በል።

ሣህሉ፦ ኢንሻአላህ።

ሙመድ፦ ከልብህ አላልከውም።

ሣህሉ፦ ሙመድ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል?

ሙመድ፦ ብስክሌትህን ለወርሳሜ ለምን ሰጠኸው?

ሣህሉ፦ ለፀጉር አስተካካዩ? አልሰጠሁትም። ወንበሩ ሥር ገጥሜለት ነው። የሚስተካከለው ሰው ይነዳል፣ ከጭንቅላቱ በላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል። ሁለተኛ ሥራዬ ነው፤ በትርፍ ሰዓቴ።

ሙመድ፦ ሰው ብስክሌት እየነዳ ፀጉሩን ይስተካከላል?

ሣህሉ፦ ትንሽ ይወዛወዛል። እሱን እያስተካከልኩ ነው።

ሙመድ፦ ትናንት አብዲራህማን አንድ ቅንድቡን ጥሎ ወጣ።

ሣህሉ፦ ሙከራ ላይ ነው አልኩህ እኮ! ግን ሞቀኝ ብሎ አማረረ?

ሙመድ፦ አላማረረም። ስለ ቅንድቡ ነው ያማረረው።

ሣህሉ፦ አየህ!

ሙመድ፦ እሺ። ጣሪያህ ላይ ሲዞሩ የነበሩትን አራት ኩባያዎችስ ለምን አወረድካቸው? ሳቢያን ሰፈር ሙሉ ሰው «ኢንጅነሩ ዕቃውን እያወረደ ነው» እያለ ነው።

ሣህሉ፦ የንፋስ መለኪያዬ ነው! ዘይት ልቀባው ነው ያወረድኩት።

ሙመድ፦ ፎቶግራፉስ? የጣቢያውን ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ አሰልፈህ አነሳኸን። ለመታሰቢያ ነው ብለን ተላቀስን።

ሣህሉ፦ ከወተት ቆርቆሮ ካሜራ ሠርቼ ልሞክረው ነበር! ማን ነው ያለቀሰው?

ሙመድ፦ ጽዳቷ ፋርቱን።

ሣህሉ፦ ለዚህ ነዋ! አንድ ደቂቃ ንቅንቅ አትበሉ ብዬ ለምኜ፣ እሷ ብቻ ጭስ መስላ ወጣች። እኔኮ ቀዳዳው ሰፍቶ መስሎኝ እንደገና ሠራሁት።

ሙመድ፦ ሰፈሩንም በሚዛን አንድ በአንድ መዘንክ።

ሣህሉ፦ ሰው ከጁምዓ ሶላት በፊትና በኋላ ስንት ላብ እንደሚያወጣ ጥናት ላይ ነኝ።

ሙመድ፦ እኛ ደግሞ እያንዳንዳችንን ሊያስታውሰን ነው አልን።

ሣህሉ፦ በኪሎ? ሰውን በኪሎ የሚያስታውስ ማን አለ?

ሙመድ፦ አንተ።

[ሣህሉ ይህን ሊያስተባብል ፈለገና ሙመድ ስልሳ አንድ ከግማሽ እንደሆነ ትዝ አለው። ባቡሩ ፊት ላይ አንድ ሰው ብረት በመዶሻ እየመታ ነው፤ ይኼ መልካም ምልክት ይሁን መጥፎ የሚያውቅ መንገደኛ የለም። ሙመድ ደብተሩን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።]

ሙመድ፦ አሁን ሐምሌ ነው አይደለም?

ሣህሉ፦ ሐምሌ ነው።

ሙመድ፦ አዲስ አበባ ዝናብ አለ?

ሣህሉ፦ ቀን ከሌት! እህቴ በደብዳቤ የግቢው በር በጭቃ ተይዞ አልከፈት አለ ብላኛለች።

ሙመድ፦ ኮሚቴው ምን ለብሶ ይመጣል?

ሣህሉ፦ ካፖርት ነዋ።

ሙመድ፦ ካፖርት ለለበሰ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ይዘህ ትሄዳለህ።

ሣህሉ፦ ለሳይንስ ሲሉ ይጠጣሉ።

ሙመድ፦ ሻይ ቢሆን ኖሮ...

ሣህሉ፦ ሻይ ማንም ያፈላል! አንተ እኮ ቁም ነገሩን አላየኸውም። ና ወደዚህ።

[ከደረት ኪሱ እርሳስ አወጣ፤ ወረቀት ፈለገ፤ ሲያጣ በካርቶን ሻንጣው ላይ መጻፍ ጀመረ። ይህን ሒሳብ ለማንም ገና አላሳየውም። ለኮሚቴው ያስቀመጠው ነው።]

ሣህሉ፦ ድሬ ላይ ውጭው ስንት ነው?

ሙመድ፦ ሠላሳ ስድስት።

ሣህሉ፦ ውስጡ?

ሙመድ፦ ሃያ አምስት።

ሣህሉ፦ ልዩነቱ አሥራ አንድ። አዲስ አበባ ውጭው አሥራ አምስት ነው እንበል። አሥራ አምስት ሲቀነስ አሥራ አንድ?

ሙመድ፦ አራት።

ሣህሉ፦ አራት ዲግሪ! ድሬስደን ለሥልጠና ሳለሁ የምግብ ቤቱ ማቀዝቀዣ አምስት ዲግሪ ነበር፤ እሱም በመብራት! ጀርመንን በአንድ ዲግሪ በለጥናት ማለት ነው!

[ሙመድ የተጻፈውን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ሣህሉን ተመለከተ። ሣህሉ በሕይወቱ እንዲህ በጥንቃቄ ታይቶ አያውቅም።]

ሙመድ፦ አሥር ዲግሪ የሆነ አገር ቢወሰድስ?

ሣህሉ፦ [ደስ እያለው] ከዜሮ በታች አንድ። በረዶ ይሆናል!

ሙመድ፦ አንተ የተወለድክበት አገርስ?

ሣህሉ፦ ደብረ ብርሃን? ኧረ ተወው! በኅዳር ጠዋት ሁለት ዲግሪ ይሆናል፤ አሥራ አንድ ስትቀንስ... ከዜሮ በታች ዘጠኝ! አይስክሬም ነው የሚወጣው!

ሙመድ፦ እናትህ ቤት እንስራ ነበር?

ሣህሉ፦ የማን እናት ቤት እንስራ የለም?

ሙመድ፦ ያልባል?

ሣህሉ፦ እንስራ ሁሉ ያልባል እንጂ! ሁሌ ከሥሩ እርጥብ ነው።

ሙመድ፦ ታዲያ አይስክሬም እየበላህ ነው ያደግከው?

[ሣህሉ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። የእናቱ እንስራ ከነመቀመጫው ፊቱ ላይ ድቅን አለ፤ ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር፣ እንደማንኛውም ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ ነገር። ከጓዳው ግድግዳ አይበልጥም ነበር።]

ሣህሉ፦ እሱ... አሸዋ አልነበረውም።

ሙመድ፦ እሺ አሸዋ አልነበረውም። እኔ በሰባ አንድ ወንድሜን ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። በነሐሴ። ያለችኝን አንድ ሸሚዝ አጥቤ አሰጣሁ። በሦስተኛው ቀን አልደረቀችም። በአምስተኛው ቀን አልደረቀችም። እርጥቧን ለብሼ ባቡር ተሳፈርኩ። የት እንደደረቀች ታውቃለህ?

ሣህሉ፦ የት?

ሙመድ፦ መኢሶ።

[አንዲት መንገደኛ ዶሮዋን ታቅፋ በመሐላቸው አለፈች። ሣህሉ እንስራው ላይ ያለውን ጆንያ በሁለት ጣቱ ነካ አደረገው። ከግማሽ ሰዓት በፊት ነበር ያረጠበው። አሁን ደርቋል።]

ሙመድ፦ የኔ ሸሚዝ ያልደረቀችበት አገር ያንተ ጆንያ ይደርቃል?

ሣህሉ፦ ሙመድ...

ሙመድ፦ ተው ኢንጅነር። እኔ ፊት አትደንግጥብኝ። አንተ እንደምታውቅ እኔም አውቃለሁ።

ሣህሉ፦ ምኑን?

ሙመድ፦ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ሰባት ዓመት አብረን ኖረን፣ ራሱ ይነግረኛል አልኩ። አልነገርከኝም። ዛሬ ልሸኝህ አልመጣሁም፤ ፊት ለፊት እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት። በል፣ ድሬ ሰለቸኝ በል!

ሣህሉ፦ ድሬ አልሰለቸኝም!

ሙመድ፦ እንስራው ዝናብ ባለበት እንደማይሠራ ታውቃለህ። እያወቅህ ዝናብ ውስጥ ልትከተው ትወስደዋለህ። ኮሚቴው ይስቃል፤ ጣቢያው ይዘጋል። አንተ የተማርክ ነህ፣ እዚያው በብርዱ አገር ወንበር ይሰጡሃል። እህትህ ጋ ሰፊ ቤት አለ። እኔስ? ሰባት ልጅ ይዤ የት ልሂድ? ይኼን ሳስብ ምግብ አልወርድ ብሎኛል፣ ወላሂ!

ሣህሉ፦ ሆን ብዬ?! እኔ?! የራሴን ሥራ ላዋርድ?!

ሙመድ፦ ማስረጃ አለኝ።

[ደብተሩን ገለጠ። በመጋቢት ተጀምሮ በየቀኑ በስምንት ሰዓት የተነበበ ነው፤ በግራ የውጭው ሙቀት፣ በቀኝ የውስጡ። የሙመድ ቁጥሮች ትልልቅና ቀጥ ያሉ ናቸው። አልፎ አልፎ የሣህሉ ቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ላይ ዐርፏል።]

ሙመድ፦ አንብብ።

ሣህሉ፦ ሚያዝያ አራት። ውጭ ሃያ ስድስት፣ ውስጥ ሃያ አምስት። ይኼማ ስህተት ስለሆነ ነው የሰረዝኩት።

ሙመድ፦ ቀጥል።

ሣህሉ፦ ሚያዝያ አምስት። ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት። ሚያዝያ አሥራ ሰባት... ሰኔ ሃያ ዘጠኝ...

ሙመድ፦ ዘጠኝ ቀን ነው። በዘጠኙም ዝናብ ነበር። አራት ወር ሙሉ ከተነበበው ውስጥ ዝናብ የጣለበትን ለይተህ፣ አንድም ሳትስት፣ ዘጠኙን ብቻ በቀይ ሰርዘሃል። ዝናቡን ሳያውቅ እንዲህ አድርጎ የሚመታ ሰው አለ?

ሣህሉ፦ [ድምፁ ቀንሶ] በዘጠኙም ዝናብ ነበር?

ሙመድ፦ ቤትህ ጣሪያ የለውም?

ሣህሉ፦ ለምን «ዝናብ» ብለህ ከጎኑ አልጻፍክም?

ሙመድ፦ «ቁጥር ብቻ ጻፍ፤ ሐሳብህን አልጠየቅሁህም» ብለህ ግድግዳ ላይ ለጠፍክ። ከዚያኛው ጽሑፍ ሥር።

ሣህሉ፦ እኔ እኮ ቀትር ላይ እንቅልፍ ወስዶህ፣ ስትነቃ የሆነ ያልሆነ ጽፈህ መስሎኝ...

ሙመድ፦ አዎ። «አንባቢው ተኝቶ ነበር» ብለህ ጽፈሃል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጠኸኝ። አልተቀየምኩም። ተንኮሉን ለመሸፈን ነው፣ ሰው እንዳይነቃበት እኔን ሰበብ እያደረገ ነው አልኩ። እንዲያውም አደነቅኩህ።

[ሣህሉ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ሻንጣው ካርቶን ስለሆነ ትንሽ ጎበጠ፤ እሱም አብሮ ጎበጠ። ኪሱ ውስጥ ገባና ደብዳቤውን አውጥቶ ሰጠው። ሙመድ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። «ሁርሶ» የሚለው ላይ ጣቱ ቆመች። ከሥር የራሱን ስም ሲያገኝ እንደገና ቆመች።]

ሙመድ፦ ከመቼ ጀምሮ ይዘኸዋል?

ሣህሉ፦ ከሰኔ።

ሙመድ፦ ለምን አላሳየኸኝም?

ሣህሉ፦ እንዳትጨነቅ ነዋ። ብቻዬን ልጨነቅበት ብዬ ነው።

ሙመድ፦ እንስራው ካልተመረጠ አዲስ አበባ ወንበር የለህም?

ሣህሉ፦ የምን ወንበር! ሁርሶ ነው የምሄደው! ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጡሩምባ ነው የሚቀሰቅሱኝ!

ሙመድ፦ እንግዲያው እንዲመረጥ ትፈልጋለህ።

ሣህሉ፦ ከምንም በላይ።

ሙመድ፦ [በዝግታ] ታዲያ እዚያ ይሠራል ብለህ ነው የምትወስደው? የምርህን?

ሣህሉ፦ የምሬን።

ሙመድ፦ አሥራ አምስት ሲቀነስ አሥራ አንድ፣ አራት ብለህ?

ሣህሉ፦ አዎ።

ሙመድ፦ ደብተሩ እጅህ ላይ እያለ?

ሣህሉ፦ አዎ አልኩህ! አሁን ተወኝ።

[ባቡሩ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ተነስቶ በአንድ በር ካልገባን አለ። ሣህሉ ተነሳ፤ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሳ። ትኬቱን አየ፤ እንስራውን አየ። ካፖርት የለበሱ ጓዶች በዝናብ ውስጥ ማሰሮ ከበው ታዩት። አንደኛው ቴርሞሜትሩን ያነብና ሁለተኛውን ያያል፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከሩቅ የሁርሶ ጡሩምባ ይሰማል።]

ሣህሉ፦ ብቀር መጣሁ ብዬ ያሳወቅኩት ኮሚቴ ይታዘበኛል። ብሄድ ይስቅብኛል። ምን ይሻለኛል ሙመድ?

ሙመድ፦ ሐሳብ ልናገር?

ሣህሉ፦ [ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ] ተናገር።

ሙመድ፦ ይኼ እንስራ መንገደኛ አይደለም። የበረሃ ሰው ነው፤ ሊያየው የፈለገ ይምጣ። አሁኑኑ ቴሌግራም እንምታ።

ሣህሉ፦ [ወዲያው ነፍስ ዘርቶ] ጻፍ! «በአካባቢ አየር ውስጥ ያለው የእርጥበት መጠን በትነት ሒደት ላይ ከሚያሳድረው አሉታዊ ተጽዕኖ አኳያ፣ እንዲሁም...»

ሙመድ፦ አቦ ተው! «እንስራው የሚሠራው ሙቀት ባለበት ነው። መጥታችሁ እዩት። ደብተሩ ሳይሰረዝ ይጠብቃችኋል።» ኸላስ።

ሣህሉ፦ «ሳይሰረዝ» የምትለዋን ብናወጣት?

ሙመድ፦ እሷን ካወጣን እኔም እወጣለሁ።

ሣህሉ፦ ይሁን። ግን ይመጣሉ ብለህ ነው?

ሙመድ፦ አስበው እስቲ። እዚያ በዝናብ ተሳፍረው ይመጣሉ፣ እዚህ ሲደርሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከባቡሩ ይወርዳሉ። ልክ እዚህ ቦታ እንቆማለን። ለእያንዳንዳቸው ከማሰሮው አንድ አንድ ኩባያ ውሃ እንሰጣለን። ያኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ።

ሣህሉ፦ ምን?

ሙመድ፦ እንዳታስረዳ።

[ባቡሩ ሄደ። በመስኮት በኩል ያለችውን ባዶ ቦታ ዶሮ የታቀፈችው ሴትዮ ይዛታለች። ሙመድ የሽርጡን ጫፍ አጥብቆ አሰረ፤ ሁለቱ እንስራውን በግራና በቀኝ አንስተው ወደ ቴሌግራም ቤቱ አቅጣጫ መሄድ ጀመሩ። አሸዋ የሞላው እንስራ እንዲህ እንደሚከብድ ሣህሉ ከዛሬ በፊት አያውቅም ነበር። በየሃያ እርምጃው ያሳርፉታል። በሦስተኛው ዕረፍት ላይ ሣህሉ ኮቱን አወለቀ። በአራተኛው ክራባቱን።]

ሣህሉ፦ ማስጠንቀቂያውን ሰኞ እቀድደዋለሁ።

ሙመድ፦ አትቅደደው። በቀይ ሰርዘው።

ሣህሉ፦ እሺ። እሰርዘዋለሁ።

ሙመድ፦ እኔም ይቅርታ ልጠይቅህ ይገባል፣ ኢንጅነር።

ሣህሉ፦ አንተ ደግሞ በምንህ?

ሙመድ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክፉ ሰው ነው ብዬ ሳማህ ከረምኩ። ለፋርሒያም በየማታው ነግሬያታለሁ፤ ሰውየው አውቆ ነው፣ ዝናቡንም ያውቃል፣ ደብተሩንም ያውቃል፣ ሊያባርረን ነው ብዬ።

ሣህሉ፦ [ልቡ ተነክቶ] ግድ የለም። ዋናው አሁን ክፉ እንዳልሆንኩ ማወቅህ ነው። ዛሬ ቤት ስትገባ ንገራት፤ ተሳስቼ ነበር፣ ሰውየው በቀና ልቡ ነው፣ ነገሩን ስላላወቀ ነው በላት። ታምንሃለች?

ሙመድ፦ [እንስራውን በበኩሉ እያነሳ] እሷማ ከመጀመሪያውም እንደሱ ነው ያለችው። እኔ ነኝ «የለም፣ ብልህ ሰው ነው» እያልኩ የተከራከርኳት።